ማስታወቂያው ጮኸ፣ ስልኩ አልጠራም

የአክስቴ ልጅ ሶፋና አልጋ ይሸጣል። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ብሎ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ለቀቀ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ካርድ ያለው ሰው ለምኖ፣ ኮሚሽን ጨምሮ ነው የከፈለው። ሰው ማስታወቂያውን እየነካ ድረ ገጹ ላይ ይገባል፤ ስልኩ ግን ጭጭ። በሦስተኛው ቀን «ገበያው ሞቷል» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ድረ ገጹን ከፈትኩና «ይደውሉልን» የሚለውን ቁልፍ ነካሁ። አልጠራም። ገጹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነው። ቁልፉ የሚደውልበት ቁጥር ግን ከአሥሩ አሃዝ አንዷ ጎድላዋለች። እሱ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ምን በወጣው? የራሱ ሱቅ ላይ ማን ይደውላል?

በእኔ እምነት የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ጋ ነው። ባለቤቱ ድረ ገጹን በቢሮው ዋይፋይ፣ በትልቅ ኮምፒውተር ያያል። ደንበኛው ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ከጥቅሉ በቀረችው ኢንተርኔት ነው የሚከፍተው። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ የሶፋ ፎቶ እስኪመጣለት ወራጅ ይላል። አድራሻው የደህንነት ሰርተፍኬት ከሌለው፣ ማለትም በ«https» ካልጀመረ ደግሞ፣ ክሮም የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ ይለጥፍበታል። ይህን እያየ ማን ገንዘብ ይልካል?

ስለ ዋጋ እንኳ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። ሰው ከፍለህ ጠርተህ በር ላይ «ምን ፈለግህ?» እንደማለት ነው።

«እያስተዋወቅን እናስተካክላለን» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። እስኪያምር የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይኖራል። ቀለሙ ቢያስጠላም ግድ የለኝም፤ ዋጋው ይታይ፣ ስልኩ ይጥራ፣ ካርታው ትክክለኛው በር ላይ ያድርስ። ይህ ሳይሟላ ግን በየንኪው የሚቆረጠው ገንዘብ ደንበኛው ገዛም አልገዛም አይመለስም። ጎግል ላይ እንዲያውም ማስታወቂያው የሚያደርሰው ገጽ ደካማ ከሆነ ለአንድ ንኪ የሚከፈለው ሊጨምር ይችላል።

ፍተሻው ብር አይፈልግም። ስልኩን ለእናቱ ሰጠናትና «በይ ሶፋ እዘዢ» አልናት። አፋችንን ዘግተን ተቀመጥን። እሱ ሁለቴ ሊያሳያት እጁን ሲዘረጋ እጁን ያዝኩት። ቁልፉን አስተካክለነው ስለነበር ደወለች፣ ሠራ። ከዚያ ታች ወርዳ የሥራ ሰዓት የሚለው ላይ ቆመች። ከ8:00 እስከ 5:00 ይላል፤ ከድረ ገጹ ጋር አብሮ የመጣ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ማንም አልነካውም።

መነጽሯን አስተካክላ ልጇን አየችው።

«ከምሳ በኋላ ከፍታችሁ እስከ ማታ አምስት ሰዓት? በዚያ ጨለማ ማን ሶፋ ሊገዛ ይመጣል ልጄ?»