ጓንት የጸዳ እጅን አይተካም

እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም ነው። ወጣቷ ነርስ ከጎናችን የተኙትን እናት የሽንት ከረጢት ባዶ አደረገች፤ በዚያው ጓንት ወደ እኛ ዞራ ግሉኮሱ የሚገባበትን ካኑላ ልትነካ እጇን ዘረጋች። «ሲስተር፣ እባክሽ ጓንቱን ቀይሪልን» አልኳት። ደንግጣ ቀየረችው። እጇን ግን አላጸዳችም።

ክፋት አልነበረባትም። ጓንት ያጠለቀ እጅ ንጹሕ ነው ብላ አምናለች፤ የሚያስፈራኝም ይህ እምነት ነው። ጓንት ባለሙያውን ከደምና ከፈሳሽ ይከልላል። ለታማሚው ግን ከአልጋ አልጋ የሚዞር ጓንት ካልታጠበ እጅ አይለይም፤ የነካውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ጓንት በወለቀ ቁጥር እጅ መጽዳት አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ የወላዶች ሞት በወራት ውስጥ አሽቆልቁሏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቶ አስቀምጧል። ሁለቱ «በፊት» ናቸው፦ ታማሚውን ከመንካት በፊትና ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉትም እነዚህ ናቸው። ከነኩ በኋላ መታጠብ ራስን ስለሚጠብቅ ያን ያህል አይረሳም፤ በፊት መታጠብ ግን ለሌላው ሰው የሚደረግ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች አጣዳፊ ሕክምና ለማግኘት ከተኙ 100 ታማሚዎች 15ቱ እዚያው ቢያንስ በአንድ ኢንፌክሽን ይያዛሉ ብሏል፤ በሀብታሞቹ አገሮች 7 ናቸው።

ይህን ሁሉ በነርሷ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ውኃ በሌለበት ቧንቧ ምን ትታጠብ? እጅን በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ከአልጋው አጠገብ መኖር አለበት። ማሻውን ፈሳሽ ከኤታኖል (ከአልኮሉ)፣ ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ከግሊሰሪንና ከንጹሕ ውኃ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ራሱ ሊቀምመው ይችላል። ኤታኖል ደግሞ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ያመርታሉ። ተረኞች ሲረካከቡ የታማሚውን ካርድ እንደሚያዩት ሁሉ፣ ኃላፊዋ ነርስ በየአልጋው ያለውን ጠርሙስም አይታ ባዶውን ታስሞላ።