ግራፉን ስትልኩ ስክሪፕቱንም ላኩ

«ስልኬ ላይ ፈንክሽኑን ስጽፍለት ግራፉን ወዲያው የሚያወጣልኝ አፕ እያለ፣ ግራፍ የሚያሠሩ የትእዛዝ መስመሮች፣ ማለትም ስክሪፕት፣ እየጻፍኩ ምን አደከመኝ?» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እውነት አላቸው። ፓራቦላን ወዲያ ወዲህ እያንሸራተቱ ለማየት ጂኦጀብራ የሚባለውን አፕ የሚያህል የለም። ችግሩ የሚመጣው ያ ሥዕል ስክሪንሾት ተነስቶ መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ነው።

ግራፍ ይዋሻላ! ግኑፕሎት፣ ማለትም በስክሪፕት ታዞ ግራፍ የሚስል ፕሮግራም፣ ያለው ሰው አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ፕሮግራሙ ከ1986 ጀምሮ ያለ ነው፣ በነጻ ይገኛል። ላፕቶፕ የሌለው አንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስ በሚባል የትእዛዝ መጻፊያ አፕ ያስኬደዋል።

ኮምፒውተር ኩርባ አይስልም። ነጥቦችን ያሰላል፣ በቀጥታ መስመር ያገናኛቸዋል፣ በቃ። እንግዲህ ኤክስን ከ-10 እስከ 10 አድርጉት። የነጥቦቹን ብዛት 100 በሉትና ሳይን 31ኤክስን አስሉት። የሚመጣው ከግራ ታች ተነስቶ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚወጣ አንድ ለስላሳ መስመር ነው። ማዕበል የሚባል ነገር የለበትም። እውነተኛው ፈንክሽን ግን እዚያው ክልል ውስጥ 99 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል! በሁለት ነጥቦች መሀል ያለው ርቀት አንድ ሙሉ ዙር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ማዕበሉን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል እዚያው ቦታው ላይ ነው። ነጥቦቹን 2000 አድርጓቸው፣ ስክሪኑ በማዕበል ይሞላል።

ስክሪንሾት ብቻ የደረሰው መምህር ይህን በምን ያውቃል? ስክሪፕቱ ቢደርሰው ግን «100» የምትለዋ ቁጥር ፊቱ ላይ ናት።

ስሪዲ ላይ ነገሩ ይብሳል። የኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ የዋይ ስኩዌርን፣ ያንን ኮርቻ የሚመስለውን ገጽ ውሰዱ። ግኑፕሎት ምንም ካላዘዛችሁት በ60 እና በ30 ዲግሪ አዙሮ ያሳያችኋል፤ ኮርቻነቱ ይለያል። ቀጥ ብላችሁ ከላይ ብታዩት ግን ጠፍጣፋ መረብ ነው። ከኋላ ያሉትን መስመሮች ካልደበቃችሁ ደግሞ ፊትና ኋላው ይምታታል። አንግሉንም፣ የመረቡን ጥራትም የሚወስነው ሰው ነው። በማውዝ አዙሮ አዙሮ ደስ ያለው ቦታ ላይ ስክሪንሾት ያነሳ ተማሪ፣ ከወር በኋላ ያንኑ ሥዕል ድገም ቢባል ከየት ያመጣዋል?

ስክሪፕት አያናድድም አልልም። አንዲት ኮማ ረስቶ ግማሽ ሰዓት መፈለግ አለ። ግን ጠቅላላው አምስት ስድስት መስመር ነው። በቴሌግራም ሲላክም ከሥዕሉ ያነሰ ዳታ ይበላል።

ስለዚህ ዲፓርትመንቶች መመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ የእያንዳንዱን ግራፍ ስክሪፕት በአባሪ ይጠይቁ። ከሥዕሉ ሥር «በግኑፕሎት የተሠራ» ብሎ መጻፍ አይቆጠርም።