ማስተካከያ፦ የቦስተኑ ሳጥን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም

በአሜሪካ ቦስተን ከማሳቹሴትስ ስቴት ሃውስ (የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሕንፃ) የማዕዘን ድንጋይ ስር ስለወጣው፣ ለመጪው ትውልድ መታሰቢያ ዕቃዎች ስለተቀመጡበት ሳጥን አንድ መረጃ ሲዞር ቆይቷል። «220 ዓመት ማንም ሳይነካው ቆይቶ ተከፈተ» ይላል። ትክክል አይደለም።

ድንጋዩ የተቀመጠው፣ ከስሩ መታሰቢያ ዕቃ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1795 ነው። ያስቀመጡት አገረ ገዥው ሳሙኤል አዳምስ ሲሆኑ፣ የማሳቹሴትስ ፍሪሜሶኖች (የወንድማማችነት ማኅበር) የበላይ አለቃ የነበረው ብር ሠሪው ፖል ሪቪር አግዟቸዋል። በ1855 ግን ሕንፃው ሲጠገን ዕቃው ተገኘ። ያኔ ሌላ ነገር ተጨምሮበት፣ በናስ ሳጥን ሆኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ በፎቶ የምናየው አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ሳጥን ሪቪር የነካው አይደለም።

ይህን መለየት ዋጋ አለው። ውስጡ የተገኙት ጋዜጦችና ሳንቲሞች በሙሉ የ1795 ሰዎች ምርጫ ተደርገው ተወርተዋልና። ከሳንቲሞቹ መካከል 1652 የሚል የተቀረጸበት የጥድ ዛፍ ምስል ያለው ሽልንግ አለ፤ የ1855ም አለ። የመሠረት ድንጋዩን ታሪክ በእርግጠኝነት የሚናገረው የብር ሰሌዳው ነው። የአዳምስና የሪቪር ስም፣ ቀኑም ጭምር ተቀርጾበታል።

ሳጥኑ በዲሴምበር 2014 የወጣው ውሃ ሰርጎ ስላሰጋ ነው። በጃንዋሪ 6 ቀን 2015 በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲከፈት፣ ባለሙያዋ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ የጃርት እሾህ ነበር። በዚያ ጥንቃቄ!

ዕቃው ሙዚየም ቀርቷል የሚለውም ስህተት ነው። በጁን 2015 አዳዲስ ሳንቲሞች ታክለውበት ወደ ድንጋዩ ተመልሷል።