የማዕዘኑ በረዶ የማን ነው?

ዘንድሮም ያው ማሳሰቢያ ነው የመጣው። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በረዶ በጣለ ቁጥር ለነዋሪው የሚያስታውሰው ሕግ አለ፦ በረዶው ካባራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ደጅህ ያለውን የእግረኛ መንገድ ጥረግ፣ አለዚያ ትቀጣለህ። ቅጣቱ ለመኖሪያ ቤት 25 ዶላር፣ ለንግድ ቤት 150 ዶላር ነው። በበረዶ ጊዜ መኪና ማቆም በተከለከለበት ዋና መንገድ ላይ መኪናውን ትቶ የተገኘ ሰው ግን 250 ዶላር ይከፍላል፤ መኪናውም ይጎተታል። ለመኪና መንገድ ሲሆን ከተማው ማሽን ያሰማራል፣ ጨው ይበትናል፣ እንቅፋቱን ያስነሣል። ለእግረኛ ሲሆን ማሳሰቢያ ይልካል።

ደጅ መጥረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደጁን ሳይጠርግ የዋለ ጎረቤት የሚታማበት አገር ሰዎች ነን፤ አካፋ አንሡ መባሉ አያናድድም። የሚያናድደው፣ ነዋሪው የጠረገውን ከተማው ራሱ መልሶ መድፈኑ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይመስክር። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ምላጭ ወደ ቀኝ አጋድሎ ነው የሚታሰረው። በሄደበት ሁሉ በረዶውን ወደ ዳር እየገፋ ከኋላው ረጅም ካብ ይተዋል። ካቡ በየድራይቭዌዩ (በየቤቱ የመኪና መግቢያ) አፍና በየአውቶቡስ ፌርማታው ይቆማል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የመንገድ ማዕዘን ነው፤ ከሁለቱም መንገድ የመጣው ምላጭ የተሸከመውን እዚያ ያራግፋልና። አዲስ የጣለ ደረቅ በረዶ በኪዩቢክ ሜትር 100 ኪሎ ቢመዝን ነው። በምላጭ ተገፍቶ የታመቀው ግን 400 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ግማሽ ሜትር የሆነ ካብ እንግዲህ 600 ኪሎ ነው ማለት ነው። አንድ ሌሊት ካደረ ደግሞ ይገግርና የፕላስቲክ አካፋ ይሰብራል። ይህን እንዲያነሣ የሚጠበቀው ማን ነው? ቤቱ ማዕዘን ላይ የሆነበት ሰው። አንዳንዴም በማለዳ ጠርጎ፣ ጨው በትኖ ወደ ሥራ ከሄደ በኋላ መኪናው ለሁለተኛ ዙር ይመለስና ማታ ሲገባ ካቡን እንደገና ያገኘዋል።

ማዕዘኑ ደግሞ ተራ ቦታ አይደለም። ዊልቸርና የልጅ ጋሪ የሚወርድበት ተዳፋት እዚያ ነው፣ ማቋረጫው እዚያ ነው፣ ብዙ ጊዜ የውሃ መውረጃው ፍርግርግም እዚያው ነው። ፍርግርጉ በካብ ሲታፈን ቀን የቀለጠው ውሃ መሄጃ ያጣል፤ ተዳፋቱ ሥር ይጠራቀማል፤ ማታ መስታወት ይሆናል። እግረኛው ያን ሲያይ ምን ያደርጋል? ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። የተጠረገው እሱ ነዋ! መቶ ሜትር የተጠረገ የእግረኛ መንገድ መጨረሻው ላይ ካብ ካለ፣ ያ መንገድ አልተጠረገም። ነዋሪው 8 ሰዓት ሙሉ ቢለፋም አልተጠረገም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መኪናው ካለፈ በኋላ አንዲት ትንሽ ጫኝ ማሽን፣ ሠራተኛው ቦብካት የሚላት፣ ማዕዘን ለማዕዘን ትዞራለች። መጀመሪያ ፍርግርጉን ትከፍታለች፣ ቀጥሎ ተዳፋቱን። በረዶውንም ከተዳፋቱ በታች ባለው ጎን ትከምራለች፤ በላይኛው ጎን ከተከመረ ሲቀልጥ ተዳፋቱን አቋርጦ ይፈስና ይረጋል። ዶዘር የሚነዳ ሰው ይህን በአንድ ጠዋት ይማረዋል።

የከተማው ሰዎች መልስ ምንድን ነው? «ዋሽንግተን ሞንትሪያል አይደለችም» ይላሉ። ልክ ነው፤ የካናዳዋ ሞንትሪያል በዓመት 2 ሜትር ያህል በረዶ ሲጥልባት ዋሽንግተን በአማካይ የምታገኘው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞንትሪያል ግን ያን ሁሉ ተሸክማ የእግረኛ መንገዷን በትንንሽ ማሽን ትጠርጋለች። የኒው ዮርኳ ሮቸስተር ጠራጊ ተቋራጭ ቀጥራ ወጪውን በየቤቱ የፊት ለፊት ርዝመት አስልታ ታካፍላለች። ታዲያ የበረዶው ማነስ እንዴት ለአለመሥራት ምክንያት ይሆናል? በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚመጣ ሥራ ወጪውም ጥቂት ነው።

ከዚህም የባሰው «ፀሐይ ያቀልጠዋል» የሚለው ነው። የዋሽንግተን ክረምት አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የበረዶው ብዛት አይደለም፤ ሙቀቱ ዜሮ ላይ መውጣት መውረዱ ነው። ቀን ያቀለጠችው ፀሐይ ማታ ትጠልቃለች። በነጋታው ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ወደ ሆቴል ሥራ፣ ወደ ፓርኪንግ ጋራዥ የሚወጣው ሰው የሚረግጠው የቀለጠውን ሳይሆን የረጋውን ነው።

ከተማው ሲፈልግ እንደሚማር ደግሞ አይተናል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2016፣ በዕለተ ጥምቀት፣ ማታ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ጣለ። መንገዱ አስቀድሞ ጨው አልነካውም ነበር። መኪናው በበረዶ ላይ ተንሸራትቶ ሲዘጋጋ ጨው በታኙም እዚያው ወረፋ ውስጥ ይያዛል፤ ከተማው ለሰዓታት ቆመ። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁ። ዛሬ ትንበያ ሲሰማ 23 በመቶ ጨው ያለበት ውሃ ከበረዶው በፊት በአስፋልቱ ላይ ተረጭቶ ነጭ መስመሩን እናያለን። በዚያው ሳምንት በመጣው ትልቁ ማዕበል ጊዜም በረዶው በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ አርኤፍኬ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ ሲጋዝ ነበር። ስለዚህ «ጫኝም መኪናም የለንም» የሚለው ወሬ ነው።

ጨው ጨምሩበት የሚሉም አሉ። ተራ ጨው አስፋልቱ ከ9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ አቅሙ ይደክማል፤ የአየሩ ሳይሆን የመሬቱ ሙቀት ነው የሚቆጠረው። በታመቀ ካብ ላይ ቢደፉት ላዩን ከመቦርቦር በቀር ዋጋ የለውም። ለተጠረገ መንገድ ለአሥር የሲሚንቶ ንጣፍ 350 ግራም፣ አንድ ትልቅ የሻይ ማግ ይበቃል። የተረፈው ወደ አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች ይወርዳል፤ የፖቶማክን ውሃ ደግሞ እንጠጣዋለን፣ ማጣሪያውም ጨው አያወጣም።

ሕጉ ለአንድ ነገር ይመሰገናል፤ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትንና አካል ጉዳተኞችን ከመኖሪያ ቤት ቅጣቱ ነጻ ያደርጋል። ግን ከቅጣት ነጻ የሆነው ደጅ በረዶው አልተነሣለትም። ሥራው ለበጎ ፈቃደኛ ተትቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 በረዶው የጣለው በገና ዋዜማ ነበር። ነጠላ ለብሰው ለሌሊቱ ማሕሌት የሚወጡ እናቶች በጎ ፈቃደኛ እስኪመጣ መጠበቅ አለባቸው?

ከተማው ለነዋሪው የሰጠውን 8 ሰዓት ለራሱም ይውሰድ። መኪናው ምላጩን ዝቅ አድርጎ ያለፈበት ማዕዘን ሁሉ፣ ፌርማታም ጭምር፣ በ8 የብርሃን ሰዓት ውስጥ ዊልቸር የሚያሳልፍ 1 ሜትር መንገድ ይከፈትለት፤ ለከተማው በረዶ የሚጠርግ ተቋራጭም የሚከፈለው ገፍቶ ባለፈው ርዝመት ብቻ ሳይሆን በከፈተው ማዕዘን ቁጥር ይሁን። ከዚያ በኋላ የ25 ዶላሩን ወረቀት ይዘው ይምጡ።