የፊታችን ሰኞ ስፖርተኞች

በዚህ ዓለም ላይ ከማደንቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚቀድሙት ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ስፖርት የሚሠሩት ናቸው። አትሌት ሮጦ ያሸንፋል፤ ይህ ምን ይደንቃል? እግር ያለው ሁሉ ይሮጣል። ሳይሮጡ፣ ሳያልባቸው፣ ብርድ ልብሳቸውን እንኳ ሳይገልጡ ለዓመታት «ስፖርት ልጀምር ነው» እያሉ መዝለቅ ግን የጥቂቶች ጸጋ ነው። (ጥቂቶች ማለቴ ለአነጋገር ያህል ነው፤ ቁጥራቸውን ኋላ እመለስበታለሁ።) አንድን ውሳኔ አንድ ጊዜ መወሰን ማንንም አያቅተውም። ያንኑ ውሳኔ በዓመት 52 ጊዜ፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ፣ በዚያው በመጀመሪያው ወኔ መወሰን ነው ጽናት ማለት።

«ለምን ማክሰኞ አይጀምሩም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ማክሰኞ! ሳምንቱ ከተጀመረ በኋላ? ማክሰኞ ሐሳቡ የመጣለት ሰው እስከ ሰኞ ስድስት ቀን አለው፤ ስድስቱንም ቀን የዕረፍት ዘመኑን በክብር ሲሸኝ ይሰነብታል። «ከሰኞ በኋላ የት አገኘዋለሁ» እያለ ሁለተኛ ሳህን ያስቀርባል፤ «የመጨረሻዬ ነው» እያለ ለአንድ ፎቅ ሊፍት ይጠራል። በዚህ መካከል ስለ ጤናው የሚጠይቀው ቢኖር «ስፖርት ጀምሬአለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ» ብሎ ይመልሳል። ያለፈውንና የሚመጣውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታረቀ ሌላ ፍጡር አላውቅም።

ሳይንስም ከጎናቸው ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የጂም ምልልስን መርምሮ፣ በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጂም የሚሄደው ሰው እንደሚበዛ አሳይቷል። ሰው አዲስ ዘመን የገባ ሲመስለው ያለፈውን ድክመት ለትናንቱ ሰው ትቶ ይነሳል። ሰኞን የመረጡት እንግዲህ በጨለማ አልመረጡም። እርግጥ ጥናቱ የቆጠረው ጂም የደረሱትን ነው፤ የእኛን ወገኖች ለመቁጠር የአልጋ ቆጠራ ማካሄድ ያስፈልግ ነበር።

ሁሉም በጉጉት የሚጠብቁት አንድ እንግዳ አላቸው፤ ተነሳሽነት ይባላል። የሚጠብቁት ተኝተው ነው። ቃሉ «መነሳት» ከሚለው መውጣቱ የቋንቋችን ትልቅ እንከን ሆኖ ይታየኛል፤ ተጋድመው የሚጠብቁትን ነገር በመነሳት ስም መጥራት ሰውን ያሳስታል። እንግዳው አንዳንዴ በእርግጥ ብቅ ይላል፤ ሁልጊዜም ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሰውየው አልጋው ላይ ተንጋሎ ሌሎች ሲሮጡ በስልኩ እያየ ሳለ። የሌላው ላብ ልቡን ይነካዋል። «ነገ ንጋት 11 ሰዓት!» ይላል። ማንቂያው ይሞላል፦ 11 ሰዓት፣ ከ10፣ ከ20፣ ከ30። ንጋት ላይ ደወሉ ሲጮህ ከብርድ ልብሱ ሥር አንዲት እጅ ትወጣለች፤ ትዘረጋለች፤ ትመታዋለች፤ ትመለሳለች። አራት ጊዜ። ይህ የአካል እንቅስቃሴ አይደለም የሚል ቢኖር ትከሻውን ይጠይቅ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶች እነዚህን ሰዎች አስቀድመው ሳያዩ አልቀሩም። የእኛዎቹ ሲሮጡ ላለመታጠቅ ሲሉ ቆመው ይታጠቃሉ፤ ታጥቀውም አይሮጡም፤ ስለዚህ የታጠቁት ነገር እስከ ዛሬ ተፈትቶ አያውቅም። አንድ ወዳጄ የመሮጫ ጫማ ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። ስለ ሶሉ ውፍረት፣ ስለ ተረከዙ ከፍታ፣ ስለ ራሱ እግር አረጋገጥ ሳይቀር አጥንቶ ገዛ። ጫማው ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሶሉ እንደ ተገዛበት ቀን ነጭ ነው። ለምን እንደማያደርገው ብጠይቀው «ለሩጫ ብቻ የተሠራ ነው፤ መንገድ ለመንገድ ካደረጉት ይበላሻል» አለኝ። እውነቱን ነው። እስካሁን አልተበላሸም።

ይኸው ወዳጄ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት በእጁ አስሯል፤ የቀን ግቡም 10,000 ነው። ቁጥሩ ከሐኪም የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ግን ከገበያ ነው። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ አንድ መሣሪያ ስሙ «ማንፖ ኬ» ነበር፤ የአሥር ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን፣ ልዩነቱም 7,500 ገደማ ላይ ሲደርስ መስፋቱን እንደሚያቆም አገኘ። ይህን ስነግረው ወዳጄ ተቆጣ። ግቡን ዝቅ ያደረግሁበት መሰለው። ከፍ ያለ ግብ ያለው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ተስፋ መቁረጥ ይችላል፤ 4,400 ቢባል ግን ምን ብሎ ይቀመጣል?

ስለ ጂም አባላት ሳልናገር ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። እነዚህ ለማያውቁት ሰው ጤና የሚከፍሉ በጎ አድራጊዎች ናቸው። ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን አሜሪካ ውስጥ የሦስት ጂሞችን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ልግስናቸውን በቁጥር አስቀምጦታል። በወር ክፍያ የተመዘገቡት በወር በአማካይ የሚሄዱት ከአራት ጊዜ ብዙም ሳይበልጥ ነበር። በሄዱ ቁጥር የሚከፈልበትን ካርድ ቢገዙ ይረክስላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ለእያንዳንዱ ምልልስ ከዚያ 70 በመቶ ያህል አብልጠው ከፍለዋል። ይበልጥ የነካኝ ደግሞ ሌላው ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ጂሙን ከረገጡበት ቀን አንስቶ አባልነታቸውን እስኪሰርዙ ድረስ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ አልፏል። ሁለት ወር ሙሉ እየከፈሉ ማዘን! ከወዳጅ ጋር እንኳ እንዲህ ባለ ጨዋነት የሚለያይ ስንት አለ?

መሮጫ ማሽን ገዝተው ቤታቸው ያስገቡት ደግሞ ታሪክ ሠርተዋል። ይህ ማሽን ዝርያው ከእስር ቤት ነው። ዊልያም ኩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ እስረኞች እየረገጡ የሚያሽከረክሩት ትልቅ መንኮራኩር ሠራ። እስረኞቹ በቀን ለሰዓታት የትም የማያደርስ ደረጃ ሲወጡ ይውሉ ነበር፤ ቅጣቱ የቀረውም በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የእኛ ሰዎች ይህን የመከራ መሣሪያ ገዝተው፣ አራት ሰው አሸክመው፣ መኝታ ቤት አስገብተው ያልደረቀ ሸሚዝ አሰጡበት። የቅጣት መሣሪያን ወደ ልብስ መስቀያ መለወጥ ከዚህ የበለጠ ምን ሰብዓዊነት አለ?

አሁን ወደ ጊዜ ጉዳይ። «ሥራ በዝቶብኛል» የዘመናችን ማዕረግ ነው፤ የሌለው ሰው በሰው ፊት ያፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ ያድርጉ ይላል፤ ጡንቻ የሚያጠነክረውን ደግሞ ሁለት ቀን። ሳምንቱ 10,080 ደቂቃ አለው። 150ውን ብንቀንስ 9,930 ይቀራል፤ በዚህች በቀረችው ምን ተሠርቶ ያልቃል? መተኛት አለ፣ መሥራት አለ፣ በስልክ ላይ «ሥራ ለሚበዛባቸው ሰዎች የሚሆን የ7 ደቂቃ ስፖርት» የሚለውን ቪዲዮ ለአንድ ሰዓት መመልከት አለ። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ተከታዩ አለ።

ቀድሞ አንድ መጠጊያ ነበረን። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴው የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው ይል ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው በሙሉ ኅሊና ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ይህችን ሐረግ ያለ ርኅራኄ ሰረዟት፤ የሦስት ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል አሉ። ያም ሆኖ ወገኖቻችን አልተበገሩም። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አኀዝ መሠረት ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ 1.8 ቢሊዮን ሕዝብ ማለት ነው፣ ከተባለው መጠን በታች ይንቀሳቀሳል። ስለ ቁጥሩ እመለሳለሁ ያልሁት ይህን ነው። የትኛውም የስፖርት ፌዴሬሽን ይህን ያህል አባል የለውም።

የመቀመጥን ክብር የሚያጎድፍ ወሬ የጀመረው ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጽሮ ጻፈ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ጭስ ይጋራሉ፤ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ትኬት ቆራጩ በቀን 600 ያህል ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በብዛት የጎበኘው ሾፌሩን ሆነ። እኔ ይህን እንዲህ ነው የምተረጉመው፦ እንግዳ የሚያርፈው የተደላደለ ወንበር ካለበት ነው። ሞሪስ ራሱ ስፖርት ሲወድ ኖሮ በ99 ዓመቱ ሞተ። ያን ሁሉ ሮጦ መቶ ሳይሞላ! የእኛ ሰዎች ይህን በደስታ ይጠቅሱታል።

ከሾፌሩ የሚበልጥ መሥዋዕት የከፈሉ ደግሞ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካዋ ዳላስ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለምርምር ሲባል ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ። አምስቱ ከ30 ዓመት በኋላ በድጋሚ ሲመረመሩ፣ በዚያች ሦስት ሳምንት መተኛት ከአካል ብቃታቸው ያጡት በ30 ዓመት እርጅና ካጡት ይበልጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚፈጀውን ሥራ በ21 ቀን! ጊዜ የለንም እያልን እንደዚህ ያለ ፈጣን መንገድ መናቃችን ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ የተቀደሰ ሥርዓት የምታፈርስ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ሁለት ልጆች አሏት፣ ታማሚ እናቷን ታስታምማለች፣ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። እንደ ደንቡ ቢሆን ከእርሷ በላይ የመቀመጥ መብት ያለው ሰው የለም። እርሷ ግን ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ከዚያ ወደ ሥራዋ በእግሯ ትሄዳለች፤ 25 ደቂቃ ነው። ማታም በእግሯ ትመለሳለች። ማሰሮው እስኪፈላ ቁጭ ብድግ ስትል በመስኮት አይቻታለሁ። የስፖርት ጫማ የላትም። ቱታ የላትም። ለማንም አልተናገረችም፤ በምን ሊታወቅላት ነው?

አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘኋትና (እኔ ሊፍት እየጠበቅሁ ነበር) «ይህ ሁሉ ተነሳሽነት ከየት መጣልሽ?» አልኋት።

«የምን ተነሳሽነት?» አለች። «ልጆቹን በየማለዳው ትምህርት ቤት የማደርሳቸው ተነሳሽነት ስለመጣልኝ ይመስልሃል ወንድሜ?»

ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁ። ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ፣ በአምስት ቀን 250። ከተባለው አንድ መቶ አልፋለች፤ ስፖርት እንደምትሠራ እንኳ አላወቀችም። ይህ ያለ ፈቃድ እንደ መሥራት ነው።

የሚያሳዝነው ተመራማሪዎችም ለእርሷ ያደላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ስለ ስፖርት ጥቅም አንቀሳቃሽ ጽሑፍ ብቻ ካነበቡት ውስጥ በሳምንቱ ስፖርት የሠሩት፣ ልክ ምንም እንዳላነበቡት፣ ከ40 በመቶ በታች ነበሩ፤ ጽሑፉን አንብበው በዚያ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በጽሑፍ ካስቀመጡት ግን 91 በመቶው ሠሩ። አንብቦ ልቡ የተነካው ሰው እንግዲህ ምንም ካልተነካው አልተሻለም። ሌላው ደግሞ የለንደን ጥናት ነው፦ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን ይወስዳል፤ መካከለኛው 66 ነው፤ አንድ ቀን ቢዘለልም ያን ያህል አይጎዳም። የእኔ ለሰኞ የማሳለፍ ልማድ 254 ቀኑን የሞላው ከስንት ዓመት በፊት ነው። ሳላስበው ነው የማደርገው።

ትናንት ሰኞ ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ ልጆቹ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ብቻዋን ልትሄድ ነው። «ከሰኞ ጀምሮ ስትል ሰምቼ ነው» አለች፤ «ሰኞ ነው፤ እንሂድ?»

እውነት ለመናገር ደነገጥሁ። ሰኞ በአካል መጥቶ በሬን ያንኳኳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገር ግን እንደ እኔ ያለ ሰው መልስ አያጣም። ይህ ሰኞ ወሩ ከተጋመሰ በኋላ የዋለ ሰኞ መሆኑን፣ አስተማማኙ ሰኞ ከወሩ መጀመሪያ ቀን ጋር የሚገጥመው መሆኑን፣ በጥናትም የተደገፈ እንደሆነ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። «እሺ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኋት ለማጠቃለል። ፈገግ ብላ ወረደች፤ የእግሯ ኮቴ ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ቆሜ ሰማሁት።

ወደ አልጋዬ ስመለስ ሰዓቴን አየሁት። በር ድረስ ሄጄ መመለሴ 14 እርምጃ ሆኖ ተመዝግቦልኛል። ፀሐይ ሳትወጣ! የቀረኝ 9,986 ነው።