ድምፃችሁንም ስበኩበት

ወገኖቼ ሆይ፣ በተለይም ለስብከት መድረክ ላይ የምትቆሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የምገሥጻችሁ ስለምትሰብኩት ቃል ሳይሆን ቃሉን ስለምታወጡበት ድምፅ ነው። ሰሚው ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱ እየተቆጣችሁት ይሁን እየራራችሁለት ከድምፃችሁ ይረዳል፤ የተቆጣችሁት ከመሰለው ደግሞ ይዞ የሚሄደው ቃሉን ሳይሆን ቁጣውን ነው።

በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ያየሁት እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ልጇን የቀበረች እናት ከፊት ተቀምጣ ሳለ ሰባኪው ማይክሮፎኑን ከከንፈሩ አጣብቆ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» የሚለውን የጌታን ቃል እንደ ዐዋጅ ጮኸበት። ድምፁ ተሰነጣጥቆ ቃሉ ከቃሉ አይለይም ነበር፤ እናቲቱ ደንግጣ በሁለት እጆቿ ጆሮዎቿን ያዘች።

ይህ ቃል እኮ መጀመሪያ የተነገረው ወንድሟ ለሞተባት ለማርታ፣ ከመንደሩ ውጭ፣ ፊት ለፊት ነበር። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ጌታ ማርታን በንግግር ያጽናናታል፣ ከእኅቷ ከማርያም ጋር ያለቅሳል፣ በታላቅ ድምፅ የሚጮኸው ግን መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ሙቱን ወንድማቸውን አልዓዛርን ሲጠራ ነው። እኛ ለሙት የተጮኸውን ጩኸት ለሐዘንተኛዋ አደረግነው።

ጨርሶ አትጩኹ ማለቴ አይደለም፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ድምፁን እንደ መለከት እንዲያነሣ ታዝዟል፤ የታዘዘውም የሕዝቡን በደል እንዲናገር ነው። ጳውሎስም የገላትያን ሰዎች በደብዳቤ አጥብቆ ከገሠጻቸው በኋላ አጠገባቸው ሆኖ ድምፁን ሊለውጥ እንደሚወድ ጽፎላቸዋል፤ ደብዳቤ የማያደርሰውን የአባትነት ርኅራኄ ድምፅ እንደሚያደርሰው ያውቅ ነበርና።

እኛ ሰሚዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ቀስ ብሎ የሚያስተምረውን «ቅባት የለውም»፣ የመንፈስ ኃይል የለበትም ብለን ስናንቋሽሽ፣ ላብ በላብ ሆኖ ለሚጮኸው ግን «አሜን» እያልን ስናጨበጭብ ኖረናል፤ ወጣት ሰባኪዎችም ይህን እያዩ የራሳቸውን ድምፅ ጥለው የሰው ድምፅ ተዋሱ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻ ስብከታችሁን ቀረጻ አውጥታችሁ ለብቻችሁ ስሙት፤ ስትሰሙትም ያቺን እናት ከጎናችሁ አስቀምጧት።