ለወገቤ ነው

አገር ቤት የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ የምናውቀው እኔና ጫማዬ ነን። ማህተም የሚይዘው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል፣ ከስብሰባ ሲወጣ ምሳ ነው፣ ከምሳ ሲመለስ ደሞ መብራት የለም። እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ላይ ግን የጋንጃ መታወቂያዬን በፒጃማ ሶፋ ላይ ተጋድሜ አወጣሁት። አዎ ጋንጃ ነው ያልኩት፣ ለህመም ብለህ የምትገዛበት የታካሚ ካርድ ማለቴ ነው። እናቴ ብትሰማ «ሀሺሽ» ነው የምትለው፣ ለሷ ሲጋራም ሀሺሽ ነው፣ ስለዚህ አትሰማም።

ነገሩ የጀመረው ከወገቤ ነው። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስንት ዓመት ስቆም ከርሜ ወገቤ እምቢ አለ፣ ሀኪሙ አይቡፕሮፊን አዘዘልኝ፣ አይቡፕሮፊኑ ደሞ ጨጓራዬን ቀሰቀሰብኝ። አንድ ጓደኛዬ «ካርድ አታወጣም እንዴ?» አለኝ። የምን ካርድ፣ ከጁላይ 2023 ጀምሮ እዚህ 21 ዓመት የሞላው ሁሉ ዝም ብሎ ገብቶ ይገዛ የለ እንዴ አልኩት። «ታክሱስ?» አለኝ። ለካ መጀመሪያ 9 ፐርሰንት የነበረው ታክስ ከጁላይ 2025 ወዲህ 12 ገብቷል፣ የታካሚ ካርድ ያለው ግን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። እውነቱን ልናገርና፣ ወገቤ እንደዛን ቀን አሞኝ አያውቅም።

ፎርሙ ኦንላይን ነው፣ ፎቶ፣ መንጃ ፈቃድ፣ አድራሻ፣ ያው የለመድነው ነው። ከዛ የበሽታ ዝርዝር መጣ፤ ግላኮማ፣ የሚጥል በሽታ፣ ከባድ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት... ይሄኛው እንኳ ለኛ አይሆንም፣ ሐበሻ ምግብ አስጠላኝ ካለ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ነው የሚወስደው። እኔ የማይለቅ ህመም የሚለውን ይዤ አለፍኩ። ቀጥሎ ተንከባካቢ ካለህ ይላል፣ አንተ መሄድ ካልቻልክ ሄዶ የሚገዛልህ ሰው ማለት ነው። ቀና ብዬ ሚስቴን አየኋት። «ስሜን ብትጽፍ ወዮልህ!» አለች ገና ሳልጠይቃት።

ፈተናው የመጣው ማረጋገጫ የምትሰጠዋ ነርስ በቪዲዮ ስትደውል ነው። ስልኩ ተከፈተ፣ ፈገግ ብላ «ሀው አር ዩ ቱደይ?» አለችኝ። እኔም እንዳስተዳደጌ «ፋይን! ታንክ ጋድ! ቬሪ ፋይን! ዩ?» ብዬ እርፍ። ኪቦርዷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል፣ ቬሪ ፋይን እየጻፈች ነው ማለት ነው። ሚስቴ ከካሜራው ጀርባ ሆና በእጇ ወገቧን እየያዘች ታሳየኛለች። ነርሷ ቀጠለች፣ ህመምህ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው? እንዴ፣ እኛ ቤት ህመም እንዲህ በቁጥር አይለካም እኮ፣ «ትንሽ ቆረጠኝ» ያለ ሰው ማታ በአምቡላንስ ይሄዳል፣ «ደህና ነኝ» ያለ ደሞ ነገ ይቀበራል። 3 ልላት አስቤ ሚስቴን አየሁ፣ አራት ጣት አወጣች፣ ቀጥላ ሌላውን እጇን ጨመረች። «ናይን» አልኩ። ነርሷ አዘነችልኝ። ጉዳዩ በሙሉ አስር ደቂቃም አልፈጀ።

(የሚገርመኝ ጫቱ ነው። አገር ቤት ኤክስፖርት አድርገን ዶላር እናገኝበታለን፣ እዚህ ደለስ ኤርፖርት ይዘህ ብትወርድ ግን ጉድህ ይፈላል። ጋንጃው ደሞ እዛ ያሳስራል፣ እዚህ ዲስካውንት አለው።)

ካርዱን ይዤ ሱቁ ስደርስ በር ላይ የቆመው ሴኩሪቲ አበሻ ሆኖ አረፈው! ፊቴን ሳላዞር «ሰላም ነው ወንድሜ?» አለኝ። «ለወገቤ ነው» አልኩት ሳልጠየቅ። «ሁሉም ለወገቡ ነው፣ ግባ» አለኝ። ገባሁ። ካውንተሩ ጋ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙት የማህበራችን እቴቴ ናቸው፤ ጾም እንዳይበላ የሚቆጣጠሩት እሳቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን ቅንጣት አልደነገጡም፣ «እንኳን መጣህ ልጄ፣ ይቺ ልጅ የጉልበቴ ቅባት ላይ ታክስ ቆረጠችብኝ፣ እስቲ ለምን እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ካርድ ስለሌልዎ ነው እቴቴ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «በል ቅዳሜ ቤት ና፣ ፎርሙን ትሞላልኛለህ።»

ቅዳሜ ስሄድ ቡናው ተፈልቶ ስድስት ሰው ፎቶውን ይዞ ተቀምጧል። የዲቪ ፎርም ስሞላ እንኳ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። አንዱ ግሪን ካርድ ነኝ አለ፣ እሱን ወዲያው ፎቶህን መልስ አልኩት፣ ምክንያቱም ስቴቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ህግ ክልክል ስለሆነ ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል ብሎ ኢሚግሬሽን በ2019 መመሪያ አውጥቶበታል። ሌላው ትራክ ነጂ ነው፣ የሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) የሽንት ምርመራ ካርድ አይቶ እንደማይምር ስነግረው ቡናውን ብቻ ጠጥቶ ወጣ።

የቀሩትን ሰብስቤ ልምምድ ጀመርን። «ሲጠይቋችሁ ደህና ነኝ እንዳትሉ» ብዬ ሶስቴ አስጠነቀቅኩ። ከእቴቴ ጀመርኩ።

«እቴቴ፣ ጉልበትዎን እንዴት ነው የሚያምዎት?»

«ኧረ ተመስገን ነው ልጄ፣ ምን ጎደለብኝ።»